«ኔትወርኩ ነው» ከማለታችን በፊት፦ በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተደረገ የሲግናል ፍተሻ

በዚህ መጽሔት ላይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝም አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በሴቶች ዶርም ሁለተኛ ፎቅ የምንኖር ተማሪዎች «የዋይፋይ ሲግናል ባለመኖሩ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን መሥራት አልቻልንም፤ ለዚህም ተጠያቂው መስመሩን እንዲከታተል የተመደበው ባለሙያ ነው» ብለን 23 ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ማስገባታችን ይታወሳል። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ። አንዷ ጓደኛዬ «ተጠያቂው የምትለዋ ትቅር፣ ሰው ላይ አንጻፍ» ስትለኝ እምቢ ብዬ ቃሏ እንድትቆይ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ባለሙያው የላባችን ቴክኒሻን ናቸው፤ የብሎካችንንም ዋይፋይ ደርበው ያያሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። ደብዳቤው በገባ በሳምንቱ እስከ ዓርብ ድረስ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ ተጠየቁ። መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸዋል ተባለ። ይህንን የሰማሁት ረቡዕ ማታ ነው። የገዛ ላፕቶፔ ውስጥ ከምስር ፍሬ የምታንስ አንዲት ማያያዣ ተነቅላ መቀመጧን ያየሁት ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በሁለቱ መካከል ስለተደረገው ፍተሻ ነው።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

ላፕቶፑ የወንድሜ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቶበት የመጨረሻ ዓመት ልገባ ስል ሰጠኝ። ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ይንቋቋ ስለነበር ክረምት ላይ ከተማ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ የስክሪኑን ማጠፊያ አስቀየርኩ። ማጠፊያው ተስተካክሎ መጣ፤ እኔም አመስግኜ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ክረምቱን ቤት ሆኜ ስሠራበት አንዳች ችግር አላየሁም። ቤታችን ራውተሩ ከምሠራበት ጠረጴዛ ሁለት ሜትር አይርቅም፤ ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ግቢ ስመለስ ጉድ ፈላ። ዶርም ውስጥ ዋይፋዩ አንድ ባር፣ አንዳንዴም ባዶ። ኢሜይል ለመክፈት ኮሪደር መውጣት፣ ለአድቫይዘሬ ፋይል ለመላክ ደግሞ ደረጃው ጋ ሄዶ መቀመጥ ግድ ሆነ። ሌሊት ጋቢ ተከናንቤ ደረጃ ላይ ያመሸሁበት ጊዜ ቢደመር ከወር ይበልጣል። የዶርም ጓደኞቼም «ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው» ይሉ ነበር። ልብ በሉ፣ እነሱ ያሉት «ቀርፋፋ ነው» ነው፤ «ሲግናል የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ደብዳቤው ላይ ግን ሁሉንም «ሲግናል የለም» ብዬ ጠቀለልኩት።

አንድ ፍንጭ ነበረኝ፤ ስልኬ እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ሙሉ ባር ያሳይ ነበር። «አዲስ ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ባር እና ቁጥር

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ፕሮክተሯን አስፈቅደው፣ የላቡን ላፕቶፕ በብብታቸው ይዘው መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አላነሱም።

«ሁልጊዜ የምትሠሪው የት ነው?» አሉኝ።

«እዚች አልጋ ላይ ነው ጋሼ።»

«በይ ላፕቶፕሽን እዚያው አድርጊው። ስንት ይላል?»

«አንድ ባር።»

«ባር አልጠየቅኩሽም የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን ነው።»

እውነቱን ልናገርና፣ ቁጥር እንዳለው አላውቅም ነበር። በኮሙኒኬሽን ኮርስ ዴሲቤልን ተምሬ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ዴሲቤልን ከፈተና ወረቀት ውጭ አግኝቼው አላውቅም።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍታችሁ «ኔትሽ ዊላን ሾው ኢንተርፌስስ» የሚለውን ትዕዛዝ ብትጽፉ (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እንግዲህ) ብዙ መስመር ይወጣል። ከነዚያ ውስጥ «ሲግናል» የሚለው በፐርሰንት የተጻፈ ቁጥር አለው። ማይክሮሶፍት ይህንን ፐርሰንት የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው፦ ዜሮ ፐርሰንት ማለት ኔጌቲቭ 100 ዲቢኤም፣ መቶ ፐርሰንት ማለት ኔጌቲቭ 50 ዲቢኤም ሲሆን መካከሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ስለዚህ ፐርሰንቱን ለሁለት አካፍሎ 100 መቀነስ ነው። ማክ ያላችሁ ደግሞ የኦፕሽን ቁልፍን ተጭናችሁ የዋይፋዩን ምልክት ጠቅ ብታደርጉ በቀጥታ በዲቢኤም ይነግራችኋል።

ዲቢኤም ከአንድ ሚሊዋት ጋር የሚነጻጸር ልኬት ነው። የሚመጣው ሲግናል ከአንድ ሚሊዋት እጅግ በጣም ስለሚያንስ ቁጥሩ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይጠነክራል። 3 ዴሲቤል መውረድ ኃይሉ በግማሽ መቀነሱ ነው፣ 10 ዴሲቤል መውረድ ወደ አንድ አሥረኛ፣ 20 ዴሲቤል ወደ አንድ መቶኛ። በተግባር ኔጌቲቭ 50 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው፣ እስከ ኔጌቲቭ 67 ድረስ ቪዲዮ ያለ ችግር ይታያል፣ ኔጌቲቭ 80 ላይ መንገዳገድ ይጀምራል፣ ኔጌቲቭ 90 ላይ ከጫጫታው መለየት ያቅተዋል።

የኔ ላፕቶፕ 24 ፐርሰንት አለ፤ ኔጌቲቭ 88 መሆኑ ነው። ጋሼ የኔን አንስተው የላቡን ላፕቶፕ በዚያው ቦታ፣ ስክሪኑን በዚያው አቅጣጫ አዙረው አስቀመጡ። 76 ፐርሰንት፣ ኔጌቲቭ 62። ልዩነቱ 26 ዴሲቤል። ካልኩሌተር አውጥቼ መታሁት፦ ወደ 400 እጥፍ! በአንድ አልጋ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ አንቴና ከሚወጣ ሞገድ የሳቸው ላፕቶፕ የኔን 400 እጥፍ ይቀበላል።

እኔ ወዲያው «በቃ ላፕቶፔ ነዋ!» አልኩ። ጋሼ ግን «ቆይ፣ አትቸኩዪ» አሉ። እኔን ከማሳመን ይልቅ ነገሩን እርግጠኛ መሆን ነበር የፈለጉት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ደብዳቤዬን ፊቴ ላይ ይወረውረው ነበር።

ላፕቶፑ ነው ወይስ ቦታው?

መጀመሪያ ያረጋገጡት ሁለቱ ላፕቶፖች ከአንድ አክሰስ ፖይንት ጋር መገናኘታቸውን ነው። እዚያው ትዕዛዝ ላይ «ቢኤስኤስአይዲ» የሚል መስመር አለ፤ የአክሰስ ፖይንቱ መለያ ቁጥር ነው። ግቢ ውስጥ ስሙ አንድ የሆነ ዋይፋይ ከብዙ አክሰስ ፖይንቶች ይወጣል። ላፕቶፕ ደግሞ አንዳንዴ ግትር ነው፤ ጠዋት ከተገናኘው ሩቅ አክሰስ ፖይንት ጋር ተጣብቆ ቅርቡን ሳያይ ይውላል። የኛዎቹ ግን ሁለቱም ከአንዱ ጋር፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ቻናል 6 ላይ ነበሩ። የብሎካችን አክሰስ ፖይንቶች የቆዩ ስለሆኑ 5 ጊጋኸርዝ የላቸውም። ዘመናዊ መስመር ያላችሁ ግን ይህንን ሳታዩ አታወዳድሩ፤ 5 ጊጋኸርዝ በዚያው ርቀት ላይ ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ግድግዳም በይበልጥ ይይዘዋል።

ቀጥሎ አንድ ልኬት ብቻ አለመውሰድ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዶርም ውስጥ ሞገዱ ከተደራራቢ የብረት አልጋው፣ ከሎከሩ፣ ከበሩ እየተመለሰ ይመጣና አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ሲባል ደግሞ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ላፕቶፑን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀስን አምስት አምስት ጊዜ ለካንና አማካዩን ወሰድን። ከፊቱ ሰው ቢቆምም ይለወጣል፤ ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ይመጠዋል። የዶርሜ ልጆች ለማየት ተሰብስበው ስለነበር ጋሼ «እስቲ ከዚህ ዘወር በሉ ልጆች» ብለው አስወጧቸው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ በ4 ዴሲቤል ከፍ ሲል በዓይናችን አየን።

ከዚያ ሁለቱን ላፕቶፖች ይዘን ወጣን። ኮሪደሩ ላይ፣ አክሰስ ፖይንቱ ሥር ስንቆም የሳቸው 100 ፐርሰንት፣ የኔ 92። ሁለቱም ሙሉ ባር! እኔ ደስ አለኝ።

«አዩ ጋሼ፣ እዚህ ሲሆን ደህና ነው። ርቀቱ ነው እንጂ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው።»

«መቶ ስንት ነው ብለሻል?»

«ኔጌቲቭ 50።»

«ኔጌቲቭ 30 ቢሆንስ ስንት ይላል?»

ዝም አልኩ። ያውም መቶ ነው የሚለው። ፐርሰንቱ ከኔጌቲቭ 50 በላይ አይቆጥርም። የሳቸው ላፕቶፕ ኔጌቲቭ 28 ይሁን 30 ጣሪያው ስለሚሸፍነው አይታይም፤ የኔ ደግሞ 26 ዴሲቤል አጥቶም ኔጌቲቭ 54 ላይ ስለሆነ ጤነኛ ይመስላል። እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ የቤታችን ራውተር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ክረምቱን ሙሉ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ላይ ሆኜ ስሠራ ላፕቶፔ ታሞ ነበር፤ ባሩ ግን አልነገረኝም። ቅርብ ቦታ ላይ መለካት በሽታውን ይደብቃል።

ወደ ደረጃው ሄድን። የሳቸው 84፣ የኔ 34፤ ልዩነቱ 25 ዴሲቤል። ልብስ ማጠቢያው በር ላይ የሳቸው ኔጌቲቭ 70 ሲል የኔ ጨርሶ ተቋረጠ። ለኔ ዋናው ትምህርት ይህ ነው፦ ችግሩ የቦታው ከሆነ ቦታ ሲቀየር የሁለቱም ቁጥር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ ልዩነታቸው ግን ትንሽ ይሆናል። ችግሩ የላፕቶፑ ከሆነ ግን ልዩነቱ የትም ብትሄዱ ይከተላችኋል። የተለያዩ ካርዶች አንዱን ሲግናል በጥቂት ዴሲቤል ለያይተው ስለሚያነቡ የ4 እና የ5 ዴሲቤል ልዩነት ምንም አይደለም። 25 ግን የአነባበብ ስህተት ሊሆን አይችልም።

ሳይፈታ የሚታይ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ከደብዳቤው በፊት ሦስት ሳምንት ያጠፋሁት በዚህ ነው። ድራይቨሩን አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩ፣ የካርዱን ኃይል ቆጣቢ ስልት ወደ ከፍተኛ አቅም ቀየርኩ፣ ዊንዶውስ እንኳ ሳይቀር እንደ አዲስ ጫንኩ። ከነዚህ ውስጥ ኃይል ቆጣቢው በእርግጥ መታየት አለበት፤ ባትሪ ላይ ስትሆኑ ብቻ ግንኙነቱ የሚደክም ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ድራይቨርም ግንኙነትን ያቆራርጣል፣ ፍጥነትን ይገድባል። 25 ዴሲቤል የሚበላ ድራይቨር ግን አላጋጠመኝም።

አንዲት ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጋሼ ገና ሲገቡ ከላፕቶፑ ጎን የተሰካውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬን ነቀሉት። ዩኤስቢ 3 ሥራ ላይ ሲሆን በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህንን በልኬት አሳይቷል። ሲግናሉን አይቀንሰውም፤ ጫጫታውን ያሳድገዋል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ፋይል ስትገለብጡ ዋይፋይ የሚጠፋባችሁ ልጆች ካላችሁ ዲስኩን በረጅም ገመድ ራቅ አድርጉት ወይም ሌላኛው ጎን ላይ ሰኩት።

ክዳኑ ሲከፈት

ላብ ወርደን ጋሼ «ይሄ ላፕቶፕ ተፈቶ ያውቃል?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ማጠፊያው ትዝ ያለኝ። ስነግራቸው ሳቅ አሉና ካቻቢቴውን አቀበሉኝ። «አንቺ ፍቺው» አሉ።

የላፕቶፕ አንቴና እንደ ድሮ ራውተር ዘንግ ሆኖ አይታይም። በብዙዎቹ ላይ ስክሪኑ ዙሪያ፣ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ሥር የተለጠፉ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ከነሱ ሁለት ክር የሚመስሉ ኮአክሲያል ኬብሎች ይወርዱና በማጠፊያው በኩል አልፈው ታች ካለው የዋየርለስ ካርድ ላይ ይገጠማሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ነው። በማጠፊያው በኩል ማለፋቸውን አስተውሉ፤ ማጠፊያ የሚቀይር ሰው ኬብሎቹን ሳይነካ ሊሠራ አይችልም።

ላፕቶፑን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ሽፋኑ እንደተከፈተ ደግሞ የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ በየቦታቸው ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያሠረ ሰው ማዘርቦርድ ይበሳል። ስታቲክ እንዳይኖር እጃችሁን መሬት የተያያዘ ብረት አስነኩ።

ሽፋኑ ሲነሳ ጥቁሩ ኬብል ተነቅሎ ከካርዱ አጠገብ ተጋድሟል። ነጩ ተገጥሟል፤ ነገር ግን ማጠፊያው ሥር ተጨፍልቆ እንደ ሪባን ጠፍጥፏል። ኮአክሲያል ኬብል ክብነቱን ሲያጣ በመካከሉ ያለው ሽቦና በዙሪያው ያለው ጥልፍ ርቀታቸው ይዛባል፤ ሞገዱ አይጓዝም፣ ይመለሳል። አንዱ ኬብል ብቻ ቢጎዳ ኖሮ ሌላው ይሸፍንለት ነበር። የኔ ዕድል ሁለቱም ነው።

«ታዲያ ያለ አንቴና እንዴት ሲሠራ ከረመ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ካርዱ ላይ ያለችው ባዶዋ ማያያዣ ራሷ፣ ከተጨፈለቀው ኬብል ጋር፣ እንደ መጥፎ አንቴና ታገለግላለች። ጨርሶ ቢሞት ኖሮ ችግሩን በአንድ ቀን አገኘው ነበር። እየተንገዳገደ ስለሠራ ነው የጎዳኝ።

ማያያዣዋን በወረንጦ ይዞ በትክክል ከፒኗ በላይ ካስቀመጡ በኋላ በጣት ጫን ማለት ነው፤ ጠቅ ትላለች። ጠቅ ካላለች አልገባችም፤ በኃይል ብትጫኑ ፒኗ ትጎብጣለች። በድሮዎቹ ካርዶች ላይ ላለው ዩኤፍኤል ለሚባለው ማያያዣ አምራቹ የሚገልጸው ዕድሜ 30 ጊዜ መግጠምና መንቀል ነው፤ የአሁኖቹ ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ለመለማመጃ የሚሆን ዕቃ አይደለም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ በአራተኛው ጠቅ አለች። ጋሼ ከላይዋ ትንሽ ፕላስተር ለጠፉባት።

ወደ ዶርም ተመልሼ በዚያችው አልጋ ላይ ለካሁ። 72 ፐርሰንት፣ ኔጌቲቭ 64። 24 ዴሲቤል ተመለሰ። የፕሮጀክቴን ፋይል አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ላክሁት።

አልጨረስንም ግን። «ሪሲቭ ሬት» የሚለውን መስመር ሳይ 72 ሜጋቢት ይላል፤ የጋሼ ላፕቶፕ እዚያው ቦታ ላይ 144 ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 802.11ኤን የሚባለው ስታንዳርድ በሁለት አንቴና ሁለት የተለያየ መረጃ በአንድ ጊዜ ይልካል። በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በመደበኛው የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ አንዱ 72 ገደማ ነው፣ ሁለቱ 144። ሲግናሉ ጤነኛ ሆኖ ፍጥነቱ በትክክል ግማሽ ሲሆን አንደኛው አንቴና እንደሌለ ይናገራል። ነጩን ኬብል ለመቀየር ስክሪኑ መፈታት ስላለበት ትቼዋለሁ። እስከ ዛሬ 72 ላይ ነኝ።

23ቱ ፊርማዎች

ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ጥያቄ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ለምን «ቀርፋፋ ነው» አሉ? የሁሉም ላፕቶፕ እኮ አልተበላሸም።

መልሱ አልጣመኝም። አንቴና ሲቀበል የሚያጣውን ሲልክም ያጣል። የኔ ላፕቶፕ ደካማ ስለሆነ ካርዱ ስህተት ለመቀነስ ፍጥነቱን ወደ 6.5 ሜጋቢት አውርዶ ነበር። ዋይፋይ ላይ ደግሞ አየሩ የጋራ ነው፤ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። አንድ የ1500 ባይት ፓኬት በ72 ሜጋቢት ከ0.2 ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል፤ በ6.5 ሜጋቢት ግን ወደ 1.8 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። ተራ የሚሰጠው ለፓኬት እንጂ ለጊዜ ስላልሆነ፣ አንዱ ቀርፋፋ ላፕቶፕ አየሩን ይዞ ሌሎቹን ያስጠብቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሄውስና ባልደረቦቻቸው በ802.11ቢ ላይ ይህንኑ በጥናት አሳይተዋል፦ አንድ ቀርፋፋ ተጠቃሚ ሲገባ የፈጣኖቹም ፍጥነት ወደሱ ይወርዳል። አዳዲስ አክሰስ ፖይንቶች ጊዜውን እኩል የማካፈል ዘዴ አላቸው፤ የብሎካችን የላቸውም። ማታ ማታ እኔ ከባድ ፋይል ሳወርድ ፎቁ ሁሉ ይንጫጫ ነበር። ካስፈረምኳቸው ልጆች ያዘገየኋቸው ጥቂት አይደሉም ማለት ነው።

ሐሙስ ማታ ጋሼ እያዘዙኝ፣ የላቡን ላፕቶፕ ይዤ፣ የፈረሙትን ልጆች ሁሉ ክፍል ለካሁ። ከ9ኙ ክፍሎች በ7ቱ ከኔጌቲቭ 70 የባሰ አልተገኘም። በምሥራቅ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ግን በላቡ ላፕቶፕም ኔጌቲቭ 81 ናቸው። በነሱና በአክሰስ ፖይንቱ መካከል ፌሮ ያለበት የደረጃው ግድግዳ አለ፤ ከዚያ የብሎኬት ግድግዳ፤ ከዚያ ደግሞ በረድፍ የተደረደሩ የብረት ሎከሮች። አንዱን ሎከር ገፋ አድርገን ስንለካ ብቻ 9 ዴሲቤል ተሻሻለ። እነዚያ ስድስት ልጆች የፈረሙት እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የቦታው እንጂ የባለሙያው አይደለም። ጋሼ ለዚያ ጫፍ ሌላ አክሰስ ፖይንት እንዲገዛ ሁለት ጊዜ ጽፈው እንደነበር ያወቅሁትም ያን ማታ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት በር ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደማነሳ፣ ምክንያቱንም ጽፌ ሰጠሁ። ከሱ ጋር ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባሁ፤ ስድስት ፊርማና የ9ኙ ክፍሎች ቁጥር ያለበት። «ተጠያቂው» የሚል ቃል የለበትም። ለጋሼ ማስጠንቀቂያው ቀረ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ላብ ስሄድ ሌላ የተፈታ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሰው ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» ስላቸው ቀና ሳይሉ «ነጩን ኬብል መቼ ነው የምንቀይረው?» አሉኝ።

አዲሱ አክሰስ ፖይንት ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን አልተገዛም። ሎከሮቹን ግን ልጆቹ ራሳቸው ወደ መስኮቱ በኩል አዙረዋቸዋል። የለካንበት ቅጽ ግልባጭ ላብ ውስጥ ከበሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ ለማወዳደሪያ የሚሆነውን ላፕቶፕ ከጋሼ ፈርማችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ።